አንድ መስኮት፣ 480 ቦታ፦ የሚደጋገሙ ስፕራይቶችን ሳይደክሙ ኤዲት ማድረግ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። በረንዳ ላይ ወጥቼ ስቆም ፊት ለፊቴ ብሎክ ነው፣ ከሱ ጀርባ ብሎክ፣ ከዛ ጀርባ ደሞ ሌላ ብሎክ፣ ሁሉም ጋ አንድ አይነት መስኮት፣ አንድ አይነት በረንዳ፣ የሚለየው መጋረጃውና የተሰጣው ልብስ ነው። እኔና ጓደኛዬ የሞባይል ጌም መስራት ስንጀምር (ከኮዬ ተነስቶ በቱሉ ዲምቱ አድርጎ ቃሊቲ የሚገባ ሚኒባስ ታክሲ ነው፣ ተጫዋቹ ሹፌሩ ነው) የኋላው ምስል ይሄው ሰፈራችን እንዲሆን ወሰንን። ቁጭ ብዬ ስቆጥር አንዱ ብሎክ ከምድሩ ጋር 5 ፎቅ፣ በየፎቁ በፊት ለፊት 8 መስኮት፣ 40 መስኮት ማለት ነው፣ ጌሙ ላይ ደሞ 12 ብሎክ አለ፣ ስለዚ 480 መስኮት።

መጀመሪያ የሰራሁት ብዙ ሰው እንደሚሰራው ነው። አንድ መስኮት ሳልኩ (ጌም ውስጥ የሚገባ እንደዚ ያለ ትንሽ ምስል ስፕራይት ነው የሚባለው)፣ ከዛ ኮፒ ፔስት ኮፒ ፔስት እያልኩ ደረደርኩት፣ ሌየር (አንዱ ባንዱ ላይ የሚደረብ የምስል ንብርብር) እንዳይበዛብኝ ብዬ ደሞ ሁሉንም መርጅ አደረግኩት፣ ወደ አንድ ሌየር ጨፈለቅኩት ማለት ነው። ላፕቶፕ ላይ ያምራል። ስልክ ላይ ጭነን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ውጪ ፀሐይ ላይ ስናየው ግን የመስኮቱ ፍሬም ከግድግዳው ጋር ተመሳስሎ ጠፋ፣ ግራጫ በግራጫ። ማድረግ የነበረብኝ አንድ ፒክስል ስፋት ያለውን ፍሬም ትንሽ ማጥቆር ብቻ ነው። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፣ በመሀል መብራት ሄዶ የመጀመሪያውን ሌሊት ግማሽ ስራ ይዞብኝ ሄደ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እውነት ነው፣ ኮፒ ሳደርግ 10 ደቂቃ ነበር የፈጀብኝ፣ የፈታሁት በሁለት ሌሊት።

ስለዚ አሁን የምፅፍላችሁ ያኔ ሰው ቢነግረኝ የምለውን ነገር ነው። ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ፒክስሉን ኮፒ አታድርጉ፣ እናት አድርጉትና ልጆች አውጡለት። እናቱን ስታስተካክሉ ልጆቹ በሙሉ ራሳቸው ይስተካከላሉ። ይሄን ደሞ የመጀመሪያዋን ኮፒ ከማድረጋችሁ በፊት ነው የምትወስኑት፣ ከ400 ኮፒ በኋላ አይደለም።

ብዙ ሰው እጁ ላይ ያለው ፎቶሾፕ ስለሆነ በሱ ልጀምር፣ ጊምፕና ክሪታ የሚባሉትን ነፃ የስዕል ፕሮግራሞች የምትጠቀሙ ታች ላይ አለላችሁ፣ ግን ሀሳቡ አንድ ስለሆነ ይሄንንም አንብቡት።

ከመጀመራችሁ በፊት ሴቲንጉን አስተካክሉ

ይሄን የሚዘል ሰው በኋላ "ስፕራይቴ ለምን ደበዘዘ" ብሎ ነው የሚመጣው። ኤዲት ውስጥ ፕረፈረንስ፣ ከዛ ጄነራል ግቡና ኢሜጅ ኢንተርፖሌሽን የሚለውን ኒረስት ኔበር አድርጉት፣ ይሄ ማለት ምስሉን ስታሳድጉት ፎቶሾፕ በመሀል የራሱን ቀለም እየፈጠረ እንዳያለሰልሰው ነው። እዛው ፕረፈረንስ ውስጥ ግሪድ የሚለው ጋ ደሞ መስመሩን በየ8 ፒክስል፣ ሰብዲቪዥኑን 1 አድርጉ። ከዛ ቪው ውስጥ ስናፕ ቱ ግሪድን አብሩት፣ የምታንቀሳቅሱት ነገር ሁሉ መስመሩ ላይ ራሱ ይለጠፋል። ለመሳል ብራሽ ሳይሆን ፔንስል ነው፣ ኢሬዘሩንም ከላይ ባለው ሞድ ፔንስል አድርጉት፣ አለዚያ ጠርዙ ላይ ግማሽ የጠፋ ቀለም ይቀራል፣ ያ ደሞ በኋላ በቀለም መምረጥ ስትፈልጉ ያስቸግራችኋል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ፋይል ሀንድሊንግ የሚለው ጋ ኦቶ ሴቩን በየ5 ደቂቃ አድርጉት፣ ሳትነኩት 10 ደቂቃ ላይ ነው ያለው። የድሮው ሲኤስ 6 ቨርዥን ላይም አለ። እኛ ሰፈር መብራት ሳይናገር ነው የሚሄደው፣ የላፕቶፕ ባትሪው የሞተበት ሰው 5 ደቂቃ ነው የሚከስረው፣ ያ ይሻላል።

አሁን መስኮቱ

መስኮቱ ራሱ 16 በ24 ፒክስል ነው፣ በዙሪያው ካለው ግድግዳ ጋር የሚይዘው ቦታ ግን 24 በ32 ነው። ይሄን ልክ ልብ በሉት፣ በሁሉም ጎን 4 4 ፒክስል ክፍት ቦታ አለ፣ ሁለቱም ቁጥር ደሞ ለ8 ይካፈላል፣ ስለዚ ግሪዱ ላይ ልክ ይቀመጣል። እናንተም ስትጀምሩ እንደዚ ሙሉ ቁጥር ምረጡ፣ 23 በ31 ምናምን ብላችሁ ከጀመራችሁ እስከመጨረሻው አብሯችሁ ይሄዳል።

1. መስኮቱን አንድ ሌየር ላይ ሳሉት፣ ስም ስጡት። "ሌየር 37 ኮፒ 4" የሚል ስም ይዛችሁ ከሳምንት በኋላ ስትመለሱ የቱ ምን እንደሆነ አታውቁትም።

2. ሌየሩን ራይት ክሊክ አድርጉና ኮንቨርት ቱ ስማርት ኦብጀክት በሉት። በቃ ይሄ ነው እናት የሚሆነው። ስማርት ኦብጀክት ፎቶሾፕ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 2005 ከሲኤስ 2 ጋር ነው፣ ስለዚ ቨርዥኔ አሮጌ ነው ብላችሁ አትፍሩ፣ አላችሁ።

3. ይሄ ደረጃ ላይ ቆም በሉ፣ እኔ በጣም የተቸገርኩበት ነው። የሌየሩን ትንሿን ምስል ደብል ክሊክ ስታደርጉ መስኮቱ ለብቻው በሌላ ታብ ይከፈታል፣ ካንቫሱ ግን ልክ በተሳለው ፒክስል ልክ ነው የሚሆነው፣ 16 በ24። በኋላ ከመስኮቱ በታች የአበባ ማስቀመጫ ልጨምር ብትሉ ቦታ የለም፣ ካንቫሱን ያኔ ስታሰፉት ደሞ ልጆቹ ሁሉ ከመሀላቸው ነው የሚሰፉት፣ ጭማሪው ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ እያንዳንዱ መስኮት ግማሽ ፒክስል ይንሸራተትና ይደበዝዛል። ስለዚ አሁኑኑ፣ አንድም ኮፒ ሳይኖር፣ ኢሜጅ ከዛ ካንቫስ ሳይዝ ግቡና 24 በ32 አድርጉት፣ ኮንትሮል ኤስ፣ ዝጉት።

4. አሁን ማባዛት ነው። ሌየሩን ይዛችሁ ኮንትሮል ጄ፣ አዲሱን 24 ፒክስል ወደ ቀኝ። ሁለቱንም ምረጡና ኮንትሮል ጄ፣ 48 ወደ ቀኝ። አራቱን ምረጡ፣ ኮንትሮል ጄ፣ 96 ወደ ቀኝ። 8 መስኮት፣ በሦስት ጊዜ። ከዛ ስምንቱን ወደ ታች 32፣ አስራ ስድስቱን ወደ ታች 64፣ አራት ፎቅ ሆነ፣ በመጨረሻ አንድ ረድፍ ጨምሩ። 40 መስኮት በ6 ኮንትሮል ጄ አለቀ ማለት ነው። አሮው ኪ አንድ ፒክስል ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ ከሺፍት ጋር 10፣ ግን ስናፑ በርቶ ከሆነ በማውስ መጎተትም ይበቃል።

እዚህ ጋ አንድ አደገኛ ነገር አለ። ራይት ክሊክ ስታደርጉ ኒው ስማርት ኦብጀክት ቪያ ኮፒ የሚል ታያላችሁ፣ ስሙ ሲያዩት ትክክለኛው ይመስላል፣ ግን እሱ ከእናቱ የተቆረጠ አዲስ እናት ነው የሚሰራው። ኮንትሮል ጄ ነው ልጅ የሚያወጣው። ከአንድ ዶክመንት ወደ ሌላ ዶክመንት ስትጎትቱትም ግንኙነቱ ይቆረጣል። ለዚህ እኔ ሁሌ የማደርገው ፈተና አለ፣ ሦስት አራት ልጅ ከወጣ በኋላ እናቱን ከፍቼ አንድ ቀይ ነጥብ እጥልና ሴቭ አደርጋለሁ። ሁሉም ላይ ቀይ ነጥብ ከወጣ ልክ ነው፣ አንዱ ካልወጣለት እሱ ልጅ አይደለም፣ አጥፍቼው እንደገና አወጣለሁ። ከዛ ነጥቧን መልሼ አጠፋለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

5. አርባውን መስኮትና ግድግዳውን በሙሉ ምረጡና እንደገና ኮንቨርት ቱ ስማርት ኦብጀክት በሏቸው። አሁን ብሎኩ ራሱ እናት ሆነ፣ ሆዱ ውስጥ ደሞ የመስኮቱ እናት አለች። ብሎኩን በኮንትሮል ጄ 12 አድርሱት፣ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ ከዛ አራቱን ጨምሩ።

አሁን የፍሬሙን ቀለም መቀየር ስትፈልጉ፣ ብሎኩን ደብል ክሊክ፣ ውስጡ አንዱን መስኮት ደብል ክሊክ፣ ፍሬሙን ቀይሩ፣ ኮንትሮል ኤስ። ወደ ብሎኩ ታብ ተመለሱ፣ አርባው ተቀይሯል፣ እዛም ኮንትሮል ኤስ። ወደ ዋናው ተመለሱ፣ 480ውም ተቀይሯል፣ ኮንትሮል ኤስ። ሦስት ሴቭ ነው፣ ከውስጥ ወደ ውጪ። መሀሉን ሴቭ ካላደረጋችሁ ለውጡ ወደ ላይ አይደርስም፣ ዋናውን ሴቭ ሳታደርጉ መብራት ከሄደ ደሞ የውስጡም አብሮ ይሄዳል፣ ምክንያቱም የውስጡ ፋይል ያለው ዋናው ፋይል ሆድ ውስጥ ነው። እና ሴቭ እንጂ ሴቭ አዝ አትበሉ፣ ሴቭ አዝ ካላችሁ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ፋይል ይሆንና ልጆቹ አያዩትም።

ከብሎኩ ሁለት አይነት ካስፈለገስ? እኛ ጋ ምድር ላይ ሱቅ ያለው ብሎክ አለ፣ ሱቅ የሌለውም አለ። ቪያ ኮፒ አድርጋችሁ ብትለያዩዋቸው ውስጣቸው ያለው መስኮትም አብሮ ይለያያል፣ ከዛ በኋላ መስኮት ሁለት ቦታ ነው የምታስተካክሉት። መፍትሄው መስኮቱን ለብቻው ፋይል አድርጎ ማስቀመጥና በሁለቱም ብሎክ ውስጥ ፋይል ከዛ ፕሌስ ሊንክድ እያሉ ማስገባት ነው፣ ፋይሉ ሲቀየር ሁሉም ጋ ይቀየራል። ይሄ ግን የመጣው በፈረንጆቹ 2014 ነው፣ ሲኤስ 6 ላይ የለም፣ ሲኤስ 6 ያላችሁ ሱቁን እንደ ትርፍ ሌየር ከብሎኩ ላይ ብትደርቡት ይሻላችኋል። ሊንክድ የምትጠቀሙ ደሞ ሁሉንም ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉ፣ ዋናውን ፋይል ብቻ በፍላሽ ለጓደኛችሁ ከሰጣችሁት እሱ ጋ ሲከፈት የጥያቄ ምልክት ነው የሚያየው። ፋይል ውስጥ ፓኬጅ የሚል አለ፣ ሁሉንም ሰብስቦ አንድ ላይ ያወጣላችኋል፣ በሱ ስጡት።

ሁሉም አንድ አይነት እንዳይሆን

የታችኛው ፎቅ ልጅ፣ አስረኛ ክፍል ነው፣ አንድ ቀን መጥቶ ስክሪኑን አይቶ "አንተ፣ እዚህ ብሎክ ውስጥ ሰው አይኖርም እንዴ?" አለኝ። ልክ ነበር። 480 መስኮት በሙሉ አንድ ሲሆን ቤት ሳይሆን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው የሚመስለው። በረንዳ ላይ ወጥቼ የሰፈሩን መስኮቶች ቆጠርኩ፣ ግማሽ የተሳበ መጋረጃ፣ ሙሉ የተዘጋ፣ ክፍት ሆኖ ውስጡ ጨለማ፣ ዲሽ የተሰካበት፣ ፌስታል የተንጠለጠለበት፣ ብርድ ልብስ የተሰጣበት።

እዚህ ጋ የሚመጣው ፈተና እያንዳንዱን ለየብቻ መስኮት አድርጎ መሳል ነው፣ አታድርጉት። ፍሬሙ የሁሉም እናት ሆኖ ይቆያል፣ መጋረጃው ዲሹ ብርድ ልብሱ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ትንሽ ስማርት ኦብጀክት ሆነው ከላይ ይደረባሉ። አምስት ስድስት አይነት በቂ ነው። ስታስቀምጡ ደሞ አንድ አይነት ጎን ለጎን ወይ በሰያፍ መስመር እንዳይገጥም ተጠንቀቁ፣ ዐይን ሰያፍ መስመርን ቶሎ ነው የሚያየው። የመጋረጃ ቀለም ለመለወጥ አዲስ መጋረጃ አያስፈልግም፣ ከመጋረጃው ሌየር በላይ የሂው ሳቹሬሽን አድጀስትመንት አድርጉና ኮንትሮል አልት ጂ፣ ያ ቀለም ለዛች ሌየር ብቻ ይሆናል፣ እናቷ አትነካም። ሁሉንም ግን ከብሎኩ እናት ውስጥ ካደረጋችሁት 12ቱም ብሎክ ላይ አንድ አይነት መጋረጃ አንድ ቦታ ላይ ይሆናል፣ ስለዚ የተወሰነውን ብሎኩ ውስጥ፣ የተወሰነውን ከውጪ ዋናው ሲን ላይ (12ቱ ብሎክ የተደረደረበት ምስል ላይ) ደርቡ።

ይሄን ስታደርጉ አንድ የሚያስደስት ነገር በነፃ ታገኛላችሁ። እኛ ጌሙ ላይ ማታ አለ፣ የበራ መስኮት የሚባል ሌየር ብሎኩ ውስጥ አለ፣ እሱን ሌየር ስናጠፋው ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ክሊክ መብራት ይሄድበታል። ያንን ሲን ለብቻው ብስለው ኖሮ 480 መስኮት ማጨለም ነበር።

ፍሊፕ ስታደርጉ

ስፕራይት ለማትረፍ ትልቁ መንገድ ፍሊፕ ነው፣ ወደ ቀኝ የሚሄድ እግረኛ ገልብጠህ ወደ ግራ ማስኬድ፣ ስማርት ኦብጀክቱ ፍሊፕ ቢደረግም ልጅነቱ አይቆረጥም። ግን ሁሉም ነገር አይገለበጥም። አንደኛ ብርሃኑ፣ ፀሐዩ ከግራ ከሆነ የተገለበጠው ላይ ከቀኝ ይሆናል፣ ትንሽ ስፕራይት ላይ አይታወቅም፣ ብሎክ ላይ ግን ያስታውቃል። ሁለተኛ ፅሁፍ፣ የሱቁ ታፔላ ላይ ያለው ፊደል ይገለበጣል፣ ስለዚ ፅሁፍ ሁሌ ለብቻው ሌየር ላይ ይሁን። ሦስተኛው ነው ዋናው፣ ሚኒባሱ። እኛ ሀገር መኪና የሚሄደው በቀኝ ነው፣ የሚኒባሱ ተንሸራታች በር ያለውም በቀኝ በኩል ነው፣ ረዳቱ የሚንጠለጠለው እዛ ነው። ወደ ቀኝ የሚሄድ ሚኒባስ ሲታይ የምናየው ቀኝ ጎኑን ነው፣ በሩ ይታያል። ገልብጣችሁ ወደ ግራ ብታስኬዱት ተሳፋሪው በሹፌሩ በኩል አስፋልት መሀል ሲወርድ ነው የሚታየው። ሰፈር ውስጥ ላሳየሁት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ዐይኑ ያረፈው እዛ ላይ ነበር። ስለዚ ሚኒባስ ሁለት እናት ነው ያለው፣ ቀኝ ጎንና ግራ ጎን፣ ጎማው ግን የሁለቱም አንድ ነው።

ጎማውን ካነሳሁ አይቀር፣ አኒሜሽን ላይም ያው ሀሳብ ነው የሚሰራው። የሚኒባሱ መሄድ 4 ፍሬም ነው (እዚህ ጋ ፍሬም የመስኮቱ ሳይሆን ተራ በተራ የሚታይ አንድ ምስል ማለት ነው)፣ አካሉ ፍሬም 2 እና 4 ላይ አንድ ፒክስል ከፍ ይላል እንጂ አይቀየርም፣ የሚቀየረው ጎማው ነው። አካሉን አራት ጊዜ የምትስሉ ከሆነ አንድ ጭረት ስትጨምሩ አራት ቦታ ነው፣ ስማርት ኦብጀክት ከሆነ አንድ ቦታ። ኤስፕራይት የሚባለው የፒክስል ስዕል ፕሮግራም ያላችሁ ሊንክድ ሴል የሚባለው ለዚህ ነው የተሰራው፣ አንዱን ፍሬም ስትነኩ የተያያዙት ሁሉ ይቀየራሉ፣ ለአኒሜሽን ከፎቶሾፕ ይልቅ እሱን ነው የምመክረው። 1.3 የሚለው ቨርዥኑ ደሞ ታይልማፕ ሌየር አለው (ታይል እየተደጋገመ የሚደረደር ትንሽ ምስል ነው)፣ አንድ ታይል ስታስተካክሉ የተደረደረው ሁሉ አብሮ ይስተካከላል፣ ለመስኮትና ለአስፋልት በጣም አሪፍ ነው። የሚከፈልበት ነው፣ ካርድ ከሌላችሁ ሊብረስፕራይት የሚባል ከድሮው ኮዱ የወጣ ነፃ አለ።

ክሪታና ጊምፕ

ክሪታ ነፃ ነው፣ ላፕቶፓችሁ ከቻለው ለዚህ ስራ ከጊምፕ እሱን ምረጡ። ሌየር ፓነሉ ላይ ከመደመር ምልክቱ አጠገብ ያለችውን ቀስት ስትጫኑ ክሎን ሌየር የሚል ይመጣል። ክሎኑን የፈለጋችሁበት ቦታ ውሰዱት፣ ዋናው ላይ ስትስሉ ወዲያው ክሎኑ ላይ ይታያል፣ ሴቭ እንኳን አይጠብቅም። ክሎኑ ራሱ ላይ መሳል አይቻልም፣ እሱ ጥሩ ነው፣ በስህተት አንዱን ብቻ ከማበላሸት ያድናችኋል። መስኮቶቹን ግሩፕ አድርጋችሁ ግሩፑን ክሎን ማድረግም ይቻላል፣ እንደ ብሎኩ ማለት ነው። ከሌላ ፋይል ለማምጣት ደሞ ፋይል ሌየር አለ፣ የፎቶሾፑ ሊንክድ ማለት ነው። አስፋልትና ሳር የመሳሰለ ጠርዝ ለጠርዝ የሚገጥም ታይል ስትሰሩ ደብሊውን ተጫኑ፣ ምስሉ በሁሉም አቅጣጫ ተደጋግሞ ይታያችኋል፣ መገጣጠሚያው ላይ ያለውን ስህተት እየሳላችሁ ታዩታላችሁ።

ጊምፕ፣ 2.10 ቨርዥኑ ላይ፣ እንደ ስማርት ኦብጀክት ያለ ነገር የለውም። ግን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፓተርን ነው፦ 24 በ32 የሆነውን መስኮት ከነግድግዳው ሙሉውን ኮንትሮል ሲ በሉት፣ ጊምፕ ራሱ ክሊፕቦርድ የሚል ፓተርን ያደርገዋል፣ እሱን ምረጡት። ከዛ 192 በ160 የሆነ አዲስ ኢሜጅ ክፈቱ (8 ጊዜ 24፣ 5 ጊዜ 32 ነው)፣ ኤዲት ውስጥ ፊል ዊዝ ፓተርን በሉት፣ አርባው መስኮት ሞላ። መስኮቱን ስትቀይሩ እንደገና ኮፒና እንደገና ፊል ነው፣ ራሱ አይቀየርም ግን ሁለት ክሊክ ነው።

ሁለተኛው የጊምፕ መንገድ ቀለም ላይ ሲሆን ከፎቶሾፕም ይበልጣል። ኢሜጅ፣ ሞድ፣ ኢንዴክስድ አድርጉት፣ ከዛ ከዊንዶውስ ሜኑ ዶኬብል ዳያሎግስ ውስጥ ከለርማፕን አውጡ። ምስሉ ላይ ያለው ቀለም በሙሉ በትንንሽ ሳጥን ይደረደራል፣ አንዱን ሳጥን ደብል ክሊክ አድርጋችሁ ስትቀይሩት በሁሉም ሌየር ላይ ያለው ያ ቀለም አብሮ ይቀየራል። ፎቶሾፕም ኢንዴክስድ አለው፣ ግን ሌየሮቹን በሙሉ አንድ ያደርጋቸዋል፣ ጊምፕ አያደርግም። መንገደኞቻችንን በዚህ ነው የሰራኋቸው፣ አንድ ሰው ሳልኩ፣ ጃኬት ሱሪና ጫማ ሦስት ቀለም፣ ሦስቱን ሳጥን እየቀያየርኩ ስድስት ሰው አወጣሁ። ጥንቃቄው፣ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች አንድ ቀለም እንዳይጋሩ፣ የሰውየው ፀጉርና የጫማው ጥቁር አንድ ከሆነ ጫማውን ቡኒ ስታደርጉ ፀጉሩም ቡኒ ይሆናል። ገና ስትስሉ አንዱን ጥቁር በአንድ ቁጥር ብቻ ለየት አድርጉት፣ ዐይን አይለየውም፣ ፕሮግራሙ ግን ይለየዋል።

መርጅ ያደረጋችሁ ሰዎች

ያለፈ አለፈ፣ እንደኔ ሁለት ሌሊት ግን አታጥፉ። በፔንስል የተሳለ ከሆነና ፍሬሙ ሌላ ቦታ የሌለ ቀለም ካለው፣ ፎቶሾፕ ላይ ማጂክ ዋንድ ያዙ፣ ቶለራንስ 0፣ አንቲ አሊያስን አጥፉ፣ ኮንቲግየስን አጥፉ፣ አንዱን ፍሬም ክሊክ። በሙሉ ይመረጣል፣ አዲሱን ቀለም ሙሉበት። ጊምፕ ላይ ሺፍት ኦ ነው፣ ትሬሾልዱ 0። ይሄን ያኔ ባውቅ ግማሽ ደቂቃ ነበር። የሚያድነው ቀለምን ብቻ ነው፣ ቅርፅ ለመቀየር ከሆነ ግን አንዱን መስኮት ቆርጣችሁ አውጡና እናት አድርጋችሁ እንደ አዲስ ደርድሩት፣ በኮንትሮል ጄ ስታደርጉት ያን ያህል አይደለም።

ወደ ጌሙ ስታስገቡት

ይሄ ብዙ ሰው የሚስተው ነው። 12 ብሎክ የተደረደረበትን ትልቅ ምስል እንዳለ ወደ ጌሙ አታስገቡ። 2048 በ512 የሆነ ምስል ስልኩ ሚሞሪ ላይ 4 ሜጋባይት ነው የሚይዘው፣ የፒኤንጂ ፋይሉ ትንሽ ቢሆንም፣ ምክንያቱም ሲከፈት እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ነው። አንዱ መስኮት 24 በ32 ግን 3 ኪሎባይት ብቻ ነው። ስለዚ መስኮቱ፣ መጋረጃው፣ ዲሹ፣ ግድግዳው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ በአንድ ሺት (ስፕራይቶቹ በሙሉ በተደረደሩበት አንድ ምስል) ላይ ይውጡ፣ መደርደሩን ጌሙን የምትሰሩበት ፕሮግራም፣ ጎዶት ወይ ዩኒቲ፣ በታይልማፕ ይስራው። ትልቁ ሲን የሚያገለግለው ቀለሙንና አቀማመጡን አይታችሁ ለመወሰን፣ ለፖስተርም ነው። ሺቱ ላይ በየስፕራይቱ መሀል 2 ፒክስል ክፍት ተዉ፣ አለዚያ የጎረቤቱ ቀለም ጠርዝ ላይ እንደ ቀጭን መስመር ይታያል። ጄፔግ በፍፁም፣ ፒኤንጂ ብቻ። ጎዶት ላይ ፊልተሩን ኒረስት፣ ዩኒቲ ላይ ፖይንት አድርጉና ኮምፕሬሽኑን ነን በሉት። ስታሳድጉ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ እንጂ አንድ ተኩል የሚባል ነገር የለም፣ አንዱ ፒክስል ወፍሮ ሌላው ይከሳል።

ከዛ ስልክ ላይ ጫኑትና ብራይትነሱን መሀል ላይ አድርጋችሁ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ውጡ፣ ጥላ ውስጥ ሳይሆን ፀሐዩ ላይ። ፍሬሙ ከግድግዳው ጋር ከተመሳሰለ ተመልሳችሁ እናቷን ክፈቱ፣ አጥቁሩት፣ ሦስት ሴቭ፣ ሺቱን እንደገና አውጡ፣ ውጡና እንደገና እዩት። እኔ ባለፈው አምስት ጊዜ ደረጃ ወርጄ ወጥቻለሁ፣ አምስቱም የፍሬም ቀለም ተሞክሮ ሲያልቅ ምሳ ሰዓት አላለፈም ነበር።